በግራ ትከሻዬ፦ ሌቨር አክሽን ጠመንጃ ከመግዛቴ በፊት ያወዳደርኳቸው

ግራኝ ነኝ። ከዚህ የምጀምረው ጠመንጃ ስመርጥ አንድ ዓመት ሙሉ ያንከራተተኝ ይሄ ስለሆነ ነው።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ምንሽር ተሰቅሎ ነበር። በዓመት አንድ ሁለቴ ያወርዱትና ይወለውሉታል፤ ቅባት ይቀቡታል። ባዶ መሆኑን ደጋግመው ካዩ በኋላ «በል ያዝ» ይሉኛል። እኔ ወደ ግራ ትከሻዬ አስጠጋዋለሁ። እሳቸው ወደ ቀኝ ይመልሱታል። «ጠመንጃ በቀኝ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የምንሽር ማቀባበያ በቀኝ ጎኑ ነው ያለው። በግራ የሚተኩስ ሰው ጥይት ባቀባበለ ቁጥር እጁን ከምላጩ አንስቶ በጠመንጃው ላይ ማሻገር አለበት።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሥራዬ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ነው። አራት ዓመት ሆነኝ፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር ወደ ሸናንዶዋ እየነዳሁ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ አጋዘን አድናለሁ። በጠመንጃ ማደን የሚፈቀደው በፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ ካለው ቅዳሜ ጀምሮ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ በሁለቱ መሀል ያለችው አንድ ሳምንት ለእኔ ትልቅ ናት። በዚያች ሳምንት ካልተሳካልኝ ቤቴ የአጋዘን ጥብስ ሳይበላ ጾሙ ይገባል።

እስካለፈው ዓመት ድረስ የማድነው ከሥራ ባልደረባዬ በተዋስኩት ጠመንጃ ነበር። ቦልት አክሽን ነው። እንደ አያቴ ምንሽር ማቀባበያው በቀኝ ነው። ያለፈው ዓመት ኅዳር የመጀመሪያው ጥይቴ ቅርንጫፍ መታ። አጋዘኑ አልሸሸም። አርባ እርምጃ ላይ ቆሞ ጆሮውን እያዞረ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይፈልጋል። ግራ እጄን ከምላጩ አነሳሁ። በስኮፑ (በማጉያ ማነጣጠሪያው) ላይ አሻግሬ ማቀባበያውን ያዝኩ። እጄ ሲንቀሳቀስ አየኝ። ነጭ ጭራውን አቁሞ ዱሩ ውስጥ ገባ።

ማታ ጋሼ ለምላቸው ሰው ደወልኩ። እዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ አድነዋል። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ሌቨር አክሽን ለምን አትገዛም?» አሉኝ። «ሌቨር ግራም ቀኝም አያውቅም።»

ለማያውቀው ላስረዳ። ሌቨር አክሽን ጠመንጃ ከምላጩ ሥር ትልቅ የብረት ቀለበት አለው። ሦስት ጣታችሁን ታስገባላችሁ። ወደ ታችና ወደ ፊት ስትገፉት የተተኮሰውን ቀለህ ይተፋል። ስትመልሱት አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ጠመንጃው ከትከሻችሁ አይወርድም። ዓይናችሁም ከምታነጣጥሩበት አይነሳም። ካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ግን የድሮ ጌጥ ይመስለዋል። አይደለም። በምሥራቅ አሜሪካ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ ብዙ አጋዘን የሚወድቀው በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ነው።

የምፈልገውን በወረቀት ጻፍኩ። ከ900 ዶላር በላይ አላወጣም። የማድንበት ደን የኦክ ዛፍና ቁጥቋጦ የሞላበት ነው፤ ከመቶ ያርድ በላይ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ ስኮፕ የሚቀበል ቢሆን እመርጣለሁ። በግራ ትከሻ ሲተኮስ የማያስቸግር መሆን አለበት። ጥይቱ ደግሞ በየትኛውም የገጠር ሱቅ የሚገኝ ይሁን።

የመጨረሻው ነገር ወደ 30-30 ወሰደኝ። ይህ ጥይት በ1895 የወጣ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የመጀመሪያው 30 የካሊበሩን (የጥይቱን ውፍረት)፣ ሁለተኛው 30 ደግሞ በመጀመሪያ ይሞላበት የነበረውን ጭስ አልባ ባሩድ መጠን ይናገራል፤ 30 ግሬን ማለት ነው። የዛሬ ፈጣን ጥይቶች አጠገብ ሲቆም ደካማ ይመስላል። እስከ 150 ያርድ ድረስ ግን ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። ርግጫው ትከሻ አያጎብጥም። ሥጋም ብዙ አያበላሽም። ሥጋውን የሚበላ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አብዛኞቹ ሌቨር አክሽኖች ጥይት የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው። ጥይቶቹ በሰልፍ ይቀመጣሉ፤ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ይነካል። ቂጡ ላይ ደግሞ ጥይቱን የሚያቀጣጥለው ክፍል አለ። ጫፉ ሹልና ጠንካራ ከሆነ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ሊፈነዳ ይችላል። የ30-30 ጥይት ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ደብዛዛ የሆነው ለዚህ ነው። አሁን ሆርናዲ የሚባል የጥይት ኩባንያ ጫፉ እንደ ጎማ የሚለሰልስ ሹል ጥይት ይሠራል፤ እሱ ቱቦ ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም። ሌላ ሹል ጥይት ግን በፍጹም አታስገቡ።

መጀመሪያ የያዝኩት የጋሼን ዊንቸስተር 94 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ጠመንጃ ነው፤ ስሙ እንደሚለው በ1894 ወጣ። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። አንድ ሚሊዮነኛው በ1927 ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተሰጥቷል። ይህን ሁሉ ሳነብ «ተወራለት እንጂ» ብዬ ነበር። በእጄ ስይዘው ገባኝ። ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። ቀጭን ነው። ሚዛኑ መሀል ላይ፣ ልክ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ተራራ መውጣት ይቻላል። ወደ ትከሻ ሲመጣ ደግሞ ሳታስቡት ነው የሚመጣው።

የጋሼ ዊንቸስተር ቀለሁን የሚተፋው ወደ ላይ ነው። ለግራኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጠመንጃ ወደ ቀኝ ስለሚተፋ በግራ ለሚተኩስ ሰው የጋለ ቀለህ በፊቱ በኩል ያልፋል። ይህኛው ግን ከአናቴ በላይ ወርውሮ ከኋላዬ ጣለው። አስር ጥይት ተኮስኩ። አንዴም ዓይኔን አልጨፈንኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ለእኔም የተሠራ መሰለኝ።

ችግሩ እዚያው ጥቅሙ ላይ ነው ያለው። ቀለሁ ወደ ላይ ከወጣ ስኮፕ የት ይቀመጣል? በጎን አዙሮ የሚያስር ብረት አለ፤ ግን አይመችም። ኩባንያው ይህን አይቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቀኝ አዘንብሎ የሚተፋ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ስኮፕ ይቀበላሉ። ለግራኝ ግን የድሮው ጥቅም ቀረ ማለት ነው። በጠመንጃው የራሱ ማነጣጠሪያ በመቶ ያርድ ላይ አምስት ጥይት ስተኩስ፣ ቀዳዳዎቹ ከመዳፌ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ተበተኑ። ለአጋዘን ይበቃል። ሆኖም የፊተኛው ማነጣጠሪያ ለዓይኔ ደብዝዞ ነበር፤ ንጋት ላይ ጭጋግ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ።

ያገለገለ ዊንቸስተር ለመግዛት የምታስቡ 1964ን አትርሱ። በዚያ ዓመት ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ለወጠ። ቀድሞ ከጠንካራ ብረት ተፈልፍለው ይወጡ የነበሩ ክፍሎች በቆርቆሮ ተተኩ። የመሀል ብረቱም (ሌቨሩና ማቀባበያው ያሉበት ገላ) ዓይነቱ ተቀየረ። ዝገት ቢይዘውና እንደገና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ላስነክረው ብትሉ ብረቱ ቀለሙን እንደ ድሮው አይቀበልም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሻሽለውታል፤ ተኩሱም ቢሆን ጤነኛ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ግን ትልቅ ስለሆነ ከ1964 በፊት የተሠራ የሚለው ቃል ሻጭ አፍ ላይ ይጣፍጣል። አንድ ሱቅ ውስጥ «ከ64 በፊት ነው» ተብዬ 1,400 ዶላር ተጠየቅኩ። ገለበጥኩትና የተከታታይ ቁጥሩን አነበብኩ። ከ2,700,000 በላይ ነው። ይህ ማለት ከለውጡ በኋላ የተሠራ ነው። ሻጩ ሳያውቅ ይሁን እያወቀ አልጠየቅኩም። አመስግኜ መለስኩት። እናንተም ቁጥሩን ሳታዩ ብር አታውጡ።

ኒው ሄቨን፣ ኮኔቲከት የነበረው የዊንቸስተር ፋብሪካ በ2006 ተዘግቷል። አዲሱ ዊንቸስተር 94 የሚሠራው ጃፓን ውስጥ፣ ሚሮኩ በሚባል ኩባንያ ነው። አንዱን ሱቅ ውስጥ ይዤው ነበር። እንጨቱና ብረቱ የተገናኙበት ቦታ ጥፍር አያስገባም፤ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ዋጋው ግን ካሰብኩት በእጅጉ ስለሚበልጥ ወዲያው መለስኩት።

ልቤን የወሰደው ሳቬጅ 99 ነው። ስለ እሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አርተር ሳቬጅ ጃማይካ የተወለደ ሰው ነው። በ1899 ያወጣው ጠመንጃ ከዘመኑ በብዙ ዓመት የቀደመ ነበር። ከኋላ ብቅ ብሎ የሚታይ መምቻ የለውም፤ ሁሉም ነገር ውስጥ ነው። ለስላሳና ሙልጭ ያለ ገላ አለው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገቡ የሚነክሰው ቅርንጫፍ የለም። ጥይቱን የሚይዘው ቱቦ ውስጥ ሳይሆን በሚሽከረከር የናስ ጎማ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥይት የራሱ ጎድጓዳ ቦታ አለው። ስለዚህ ጫፉ የማንንም ቂጥ አይነካም፤ ሹል ጥይት ያለ ስጋት ይጎርሳል። ደግሞ በግራ ጎኑ ላይ ትንሽ መስኮት አለች። በመስኮቷ ውስጥ ስንት ጥይት እንደቀረ የሚያሳይ ቁጥር ይታያል። ተኩሳችሁ ስታቀባብሉ 5 የነበረው 4 ይሆናል። ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ነበረው?

አንድ ሳቬጅ 99 ያገኘሁት ዊንቸስተር ከተማ ውስጥ ነው (ቨርጂኒያ ውስጥ የጠመንጃው ስም ያላት ከተማ አለች)። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ካሊበሩ .300 ሳቬጅ። ይህ ጥይት በ1920 የወጣ ነው፤ የዛሬው .308 የሚባለው ጥይት ሲቀየስ መነሻ ሆኗል። ሌቨሩ እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው። ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ዓይኔ ራሱ መንገዱን አገኘ። አፈሙዙ ከምንሽር ያጠረ ቢሆንም የሆነ ነገሩ የአያቴን ቤት አስታወሰኝ። ምናልባት የዋልነት እንጨቱና የቅባቱ ሽታ ይሆናል።

ለምን አልገዛሁትም? ሦስት ምክንያት ነበረኝ። የ1950ዎቹ ሞዴል የተኩስ መቆለፊያው ሌቨሩ ጎን ነው፤ በቀኝ እጅ ጣት እንዲነካ የታሰበ ነው። ለእኔ አይመችም። ከ1960 ወዲህ የተሠሩት ላይ መቆለፊያው ወደ አናቱ ስለመጣ ለአውራ ጣት ግራም ቀኝም እኩል ነው። እንግዲህ ግራኝ ከሆናችሁ ሳቬጅ ስትፈልጉ ይህን ለዩ። ሁለተኛ፣ እንጨቱ ብረቱን ከኋላ በሚነካበት ቦታ ላይ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ያየሁት ጠመንጃ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። በጣት አይታወቅም፤ በባትሪ ብርሃን ነው ያየሁት። ሦስተኛው ጥይቱ ነው። .300 ሳቬጅ ፍለጋ አራት ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ጋ ብቻ ሁለት ፓኬት ነበር፤ ዋጋውም ከ30-30 በብዙ ይበልጣል። ጥይት የሚቆጥብ ሰው ልምምድ ይቀንሳል። ልምምድ የቀነሰ ሰው አጋዘን አቁስሎ ይለቃል። ይህን አልፈልግም።

የ.308 ሳቬጅ 99 በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ አትለፉት። እኔ የተጠየቅኩት 1,150 ዶላር ነበር፤ ስንጥቁ እያለ።

ሄንሪን የሞከርኩት ባልደረባዬ ስለገዛ ነው። ስሙ የድሮ ነው፤ ኩባንያው ግን በ1990ዎቹ ብሩክሊን ውስጥ የተመሠረተ ነው። ከ1860ው ሄንሪ ጠመንጃ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። ይህ ነውር አይደለም፤ ግን ታሪክ እገዛለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ማወቅ አለበት። ጠመንጃው ጥሩ ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ሌቨሩ ለስላሳ ነው። የሚያብረቀርቀው ናስ የሚባለው ዓይነት ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባል፤ ደን ውስጥ ግን ይከብዳል፤ ፀሐይም ያንጸባርቃል። ለአደን የብረቱ ይሻላል።

የድሮዎቹ ሄንሪዎች ጥይት የሚጎርሱት ከፊት ነው። የውስጡን ቱቦ ስባችሁ ታወጣላችሁ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ትጨምራላችሁ፤ ቱቦውን ትመልሳላችሁ። ብርድና ዝናብ ላይ በጓንት ይህ ሥራ ነው። አዲሶቹ በጎን ማጉረሻም ስላላቸው ተቃሎላቸዋል። ቱቦው ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አደን ሲያልቅ ቱቦውን ስባችሁ ጥይቱን በሙሉ እጃችሁ ላይ ታፈሳላችሁ። ዊንቸስተርና ማርሊን ላይ ግን ለማራገፍ እያንዳንዱን ጥይት እያቀባበላችሁ ማስወጣት አለባችሁ፤ ስድስት ጊዜ። ቤቱ ልጅ ያለው ሰው፣ ወይም ለጀማሪ የሚገዛ ሰው፣ ይህን ከውበት በፊት ያስብ። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለዚህ ብዬ ሄንሪን ልገዛ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ብራውኒንግ ቢኤልአርም አለ። ሌቨሩ በተጠላለፉ የብረት ጥርሶች የሚሠራ፣ የሚነቀል ካዝና ያለው፣ ሹል ጥይት የሚተኩስ። ሩቅ የሚታይበት ሜዳ ላይ የሚያድን ሰው ይየው። ለእኔ ደን ግን አያስፈልግም። ብራዚል የሚሠራው ሮሲ አር95 ደግሞ የማርሊንን አሠራር ተከትሎ በርካሽ የመጣ ነው። ገንዘብ ለጠበበበት መነሻ ይሆናል።

አሁን ወደ ማርሊን 336። በመጨረሻ የገዛሁት እሱን ስለሆነ ደህና አድርጌ ልናገር።

336 በ1948 ወጣ። ዊንቸስተር ላይ ክፍት የነበረው አናት እዚህ ድፍን ነው። ቀለሁን የሚተፋው በቀኝ ጎኑ ነው። ስለዚህ ስኮፕ መሀል አናቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከዊንቸስተር ትንሽ ይከብዳል፤ ሦስት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ነው። ወፈር ያለ ነው፤ መሀሉን በአንድ እጅ ስትይዙት የዊንቸስተርን ያህል አይመችም። ይህን አልክድም። ግን ለተኩስ ሲረጋጋ ክብደቱ ይረዳል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ጥቅም ጽዳቱ ነው። ሌቨሩን የያዘውን አንዱን ብሎን ትፈታላችሁ። ሌቨሩ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው ብረት ተስቦ ይወጣል። አፈሙዙን ከኋላ ወደ ፊት መወልወል ይቻላል። ዊንቸስተርን ግን በቀላሉ አትፈቱትም፤ መወልወያ ዘንጉን ከፊት ማስገባት ግድ ነው። ከፊት የሚገባ ዘንግ በዓመታት ውስጥ የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቃል። ያገለገለ ዊንቸስተር ስትገዙ ጫፉን በባትሪ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ማርሊን ስትገዙ ዋናው ጥያቄ ማን የሠራው ነው የሚለው ነው። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ የድሮው ኩባንያ ነበር፤ ፋብሪካው ኮኔቲከት ነው። በዚያን ጊዜ ሬሚንግተን የሚባል ሌላ የጠመንጃ ኩባንያ ገዛው። ከዚያ ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራው ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ነባር ሠራተኞቹ አብረው አልሄዱም። ያን ሰሞን የወጡት ላይ የተጣመመ ማነጣጠሪያ፣ ክፍተት ያለው እንጨት፣ የሚነክስ ሌቨር አለ የሚል ቅሬታ በአዳኞች ዘንድ በሰፊው ተነሳ። ወደ መጨረሻ ተሻሽሏል ይባላል፤ ስሙ ግን ተጎድቶ ነበር። በ2020 ሬሚንግተን ሲከስር ሩገር የሚባል የጠመንጃ ኩባንያ ማርሊንን ገዛ። 336 ክላሲክ የሚባለው በ2023 ከሰሜን ካሮላይና ፋብሪካ ተመልሶ ወጣ። እሱንም ሱቅ ውስጥ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እንጨቱም ጥሩ ነው። አዲስ ካልሆነ አልገዛም ለሚል ሰው ያለ ማመንታት እሱን እመክራለሁ። ለእኔ ግን 1,200 ዶላር ከበጀቴ በላይ ነበር።

ስለዚህ የድሮውን ፈለግኩ። ምልክቱ አፈሙዙ በግራ በኩል፣ ከመሀል ብረቱ ፊት ለፊት የተመታ «ጄኤም» የሚል ትንሽ ማኅተም ነው። የመሥራቹ የጆን ማርሊን ስም መነሻ ነው። ዕድሜውን ከቁጥሩ ማወቅም ይቻላል። ከ1973 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ከ100 ስትቀንሱ ዓመቱ ይመጣል። በ20 የሚጀምር ከሆነ 1980 ነው።

የእኔን ያገኘሁት በሸለቆው መንገድ ላይ ካለ ትንሽ ሱቅ፣ ባለቤቱ ለሽያጭ ካስቀመጠው ነው። ቁጥሩ በ18 ይጀምራል። 1982 ማለት ነው። ማኅተሙ አለ። እንጨቱ ላይ ጭረት አለ፤ አፈሙዙ ውስጥ ግን መስታወት ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ የምትደፋዋ ቆብ ጠፍታለች። 640 ዶላር ጠየቁ። 600 አልኩ። በ615 ተስማማን።

1982 መሆኑ አንድ ትርጉም አለው። ማርሊን በጎን የሚገፋ መቆለፊያ የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ ጠመንጃ ላይ ያለው መምቻው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ጥይት ጎርሶ ሳለ መምቻውን በአውራ ጣት ይዞ፣ ምላጩን ነክቶ፣ ቀስ ብሎ ወደዚያ ግማሽ ቦታ ማውረድ ያስፈልጋል። ብርድ ላይ፣ በጓንት፣ በተለይ ስኮፕ ከላይ ሲኖር አውራ ጣት ሊያመልጥ ይችላል። በጎን የምትወጣ ትንሽ ማስረዘሚያ ብረት ገዝቼ መምቻው ላይ አሰርኩ፤ ለግራ እጅ የምትዞር ናት። ባዶ ጠመንጃ ላይ ማታ ማታ አንድ ሳምንት ተለማመድኩ። አፈሙዙን ሁልጊዜ ወደ መሬት አድርጌ። ለጀማሪ ግን መቆለፊያ ያለውን እመክራለሁ።

ግዢውን የሚፈራ ሀበሻ ብዙ ስለማውቅ ሁለት ቃል ልበል። መታወቂያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ፎርም 4473 የሚባለውን የመንግሥት የጠመንጃ ግዢ ቅጽ ትሞላላችሁ። ሱቁ የኋላ ታሪካችሁን ማጣሪያ ያስደርጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም መግዛት ይችላል። ጥያቄዎቹን በትክክል መልሱ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። እኔ ከገባሁ በአርባ ደቂቃ ወጥቻለሁ። ከሱቁ በቀጥታ የሄድኩት ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ልገዛ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ቁልፍ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

አራት እጥፍ የሚያጎላ ቀላል ስኮፕ አሰርኩበት። በመቶ ያርድ ሦስት ጥይት ከሁለት ኢንች ባልበለጠ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ቀለሁ ወደ ቀኝ ሲወጣ በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ። መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር። ሃያኛው ጥይት ላይ ረሳሁት። ፊቴን አንዴም አልነካኝም፤ ወደ ፊት አዘንብሎ ነው የሚወረውረው።

ዘንድሮ በመክፈቻው ቅዳሜ ንጋት ላይ ብርቱካናማ ሰደርያዬን ለብሼ ከአንድ ትልቅ ኦክ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት አጋዘን ወጣች። አምሳ አምስት እርምጃ። ተኮስኩ። እጄ ሳላዘው አቀባበለ፤ ስኮፑ ውስጥ እያየኋት፣ ጠመንጃው ከትከሻዬ ሳይወርድ። ሁለተኛው ጥይት አላስፈለገም። ቢላዋዬን ይዤ፣ በስመ አብ ብዬ ደረስኩ። አጋዘን የሚያመሰኳ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነውና ባለቤቴም ጥያቄ የላትም። ጾሙ ሳይገባ ጥብሱን በላን። ቀሪውን ቋንጣ አድርጋ ሰቀለችው፤ ለገና ይደርሳል።

እሑድ ጠመንጃውን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩ። ወደ ትከሻቸው አመጡት። ሌቨሩን ሦስት ጊዜ ከፈቱ፤ ሦስት ጊዜ ዘጉ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት።

«ቅባቱን ቀንስለት» አሉኝ። «ብርድ ላይ ይወፍራል።»

ማታ ብሎኗን ፈትቼ ቀነስኩለት።